አበረና ግራጫው ዱቄት

አበረ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ይጁቤ አጠገብ ተወለደ፤ ደብረ ማርቆስ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆኖ አሥራ አራት ዓመት ሠራ፤ ሐምሌ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በአርባ አንድ ዓመቱ ሞተ። ይህ ሁሉ በወረቀት አለ። በምን እንደሞተም በወረቀት አለ፤ ያ ግን ትክክል አይደለም። አንድ ልጅ ጥሏል፣ ሕሊና ትባላለች፤ አድጋ የአባቷን አሟሟት ስትጠይቅ የምታገኘው ያንን ወረቀት ነው። እኔ ታላቅ እህቱ ታየች የዚያው ኮሌጅ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ወረቀቱን በእጄ ቁጥር ሰጥቼ ፋይል ውስጥ ያስገባሁት እኔ ስለሆንሁ ምን እንደጎደለው አውቃለሁ።

አበረ ሰባት ዓመት ሲሆነው አባታችን ይጁቤ ገበያ ይዞት ሄደ። አንድ ነጋዴ ቤቱን ሊያስለስን ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ኖራ አስሞልቶ፣ ውኃ ያስፈስስበት ነበር። ውኃው ያለ እሳት ሲፈላ አበረ ከጉድጓዱ አፍ አልነቃነቅም አለ። አባታችን ገበያውን ጨርሶ ሲመጣ እዚያው አገኘው።

«አባባ፣ ያቃጠለው ድንጋዩ ነው ውኃው?»

«አንተን የሚያቃጥልህ ደግሞ ይኸ ነው» አለና አለንጋውን አሳየው። እየጎተተ ነው ያመጣው።

መምህር መሆን ፈልጎ ነበር። ዲፕሎማ ይዞ በቴክኒሻንነት ተቀጠረ፣ ዲግሪውን በክረምት ትምህርት ጨረሰ፣ የመምህርነቱ ቦታ ግን በየዓመቱ ለሌላ ሰው ሄደ። ሁለት ጊዜ አቤቱታ ጻፈ፤ ሁለቱም «በቀጣይ ይታያል» ተብሎባቸው ፋይሉ ውስጥ አሉ። በተግባር ግን የተግባር ትምህርቱን የሚያስተምረው እሱ ነበር። መምህሩ ስም ጠርቶ ይወጣል፣ አበረ ይቀራል። ተማሪዎቹ ጋሼ ይሉታል።

አንድ ቀን ለፊርማ ወረቀት ይዤ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ነበር፤ ቤንዚል የሚባል ቢጫ ዱቄት በአልኮል ሟሙቶ። አበረ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት በማንኪያ ጫፍ አነሣና ጨመረበት። ትንሽ አረፋ ወጣ፣ ቢጫው እየሳሳ ሄደ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፈሳሹ ንጹሕ ውኃ መሰለ።

«ቢጫው የት ገባ?» አለ አበረ።

አብዱልአሊም የሚባል ከቁይ ከተማ የመጣ የባለሱቅ ልጅ ከኋላ ሆኖ «ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ነው፤ ይፈተሹ!» አለ።

«ፈትሸኝ። ቢጫ ብታገኝ ሙሉ ማርክ፤ ባታገኝ ብልቃጡን ሁሉ ታጥባለህ።» ሳቁ። ከዚያ አበረ ሁለት እጁን አንሥቶ ጣቶቹን አቆላለፈ። «ካርቦንና ኦክስጅን እንዲህ በሁለት ክንድ ተያይዘዋል። ኦክስጅን ስስታም ነው፤ የጋራቸውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስባል፣ ካርቦኑ ይራባል። ይኸ ዱቄት ሃይድሮጅን ይዞ ይመጣል፤ ያውም ባዶ እጁን ሳይሆን ሁለት ኤሌክትሮን ተሸክሞ። ለተራበው ካርቦን ይሰጠዋል። ካርቦኑ ሲጠግብ አንዱን ክንድ ይለቃል፣ ቢጫውም በዚያ ክንድ ላይ ስለነበር አብሮ ይሄዳል።»

«በቁልፍ የዘጉበትስ? ያ ግራጫው ዱቄትስ?» አለ አብዱልአሊም።

«ያ ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ ነው። ይኸ ነጩ እናንተ ቁይ እንዳሉት ሽማግሌዎች ነው። ጠብ ያለበት ቤት ይገባል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል፣ ጎረቤት ሳይነካ ይወጣል። ውኃ ቢያገኘው እንኳ እያጉረመረመ ነው የሚሟሟው። ግራጫው ለዕርቅ ተጠርቶ ቤቱን የሚገለብጥ ነው። እንዲህ በሁለት ክንድ የተያያዘውን ኬቶን ብቻ አይደለም፣ ኤስተርና አሲድ የሚባሉትንም አይምርም። ውኃ ሲነካው ሃይድሮጅን ይለቃል፣ ይግላል፣ የለቀቀው ሃይድሮጅን ይነድዳል።»

«የእኛ ሽማግሌዎች በመሬት ጉዳይ ሲቆጡ አላዩም እንዴ ጋሼ?» አለ አብዱልአሊም፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ወረቀቴን አስፈርሜ ተመለስሁ። መምህር ነበር። እንዳልነበረ የሚመሰክሩት እነዚያ ሁለት አቤቱታዎች ብቻ ናቸው።

ግራጫው ዱቄት ከዓመታት በፊት በእርዳታ የመጣ ነው፤ አንድ ቆርቆሮ፣ መቶ ግራም። ሦስት ጊዜ ተሠራበት፣ ስልሳ ግራም ያህል ቀረ። ከጊዜ ብዛት ረግቶ ድቡልቡል ሆኗል፤ ላዩ እንደ ቅርፊት ይደርቃል፣ ውስጡ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። አበረን የሚያስፈራው ይኸ ነበር። ቅርፊቱ ያስታግሰዋል፣ ሲሰነጠቅ ግን አይምርም ይል ነበር።

ማስወገድ የሚቻለው በአንድ መንገድ ነው። ኤተር በሚባል ውኃ የሌለበት፣ ቶሎ ተንኖ የሚነድድ ፈሳሽ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረ፣ በበረዶ እየቀዘቀዘ፣ መጀመሪያ ኤቲል አሲቴት በጠብታ፣ ከዚያ ለአንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ፣ አንድ ሚሊ ሊትር በውኃ የሟሟ ኮስቲክ ሶዳ፣ በመጨረሻም ሦስት ሚሊ ሊትር ውኃ፤ ሁሉም በጠብታ። ጭስ መሳቢያው መሥራት አለበት። አየሩ ደረቅ መሆን አለበት። አጠገቡ በባልዲ ደረቅ አሸዋ መኖር አለበት፣ ምክንያቱም ያ ነገር ከተቀጣጠለ ውኃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። አበረ አሸዋውን በየዓመቱ ጥር ላይ በቆርቆሮ ምድጃ ላይ አድርጎ ራሱ ያደርቀው ነበር። ቀይ ባልዲ ነበረው፤ ክዳን አልነበረውም። የክዳን ግዢ ጠይቆ አልተፈቀደም።

ጥቅምት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የማስወገጃ ፈቃድ ጠይቆ ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ።

«ማህተም የለውም» አልሁት።

«የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አዲስ አበባ ሄዶ መንገድ ተዘጋበት። ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ነው የሄደው።»

«ሲመጣ ይምታበታ።»

«እትዬ፣ ይኸ እኮ የጠመኔ ግዢ አይደለም። ጥርና የካቲት ካለፉ አይሠራም።»

«ማህተም የሌለው ደብዳቤ ቁጥር አይሰጠውም። ለወንድሟ አደላች ይሉኛል።»

«ይበሉሻ! ምን ይሆናል? ወንድምሽ መሆኔን አገር ያውቀዋል።»

«አበረ፣ አይሆንም።»

«እሺ እመቤቴ፣ ሊቲየሙንም ማህተም ጠብቅ እለዋለሁ» አለና ደብዳቤውን አጥፎ ወጣ። እኔም በመመለሻ መዝገቡ ላይ «ማህተም ስለሌለው ተመለሰ» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።

ደንቡ እንደዚያ ነው። ነገር ግን በዚያው በጥቅምት ከዲኑ ቢሮ የመጡ ሁለት ማህተም የሌላቸው ደብዳቤዎችን «በኋላ ይመታል» ተብዬ ተቀብያለሁ፤ ቁጥርም ሰጥቻለሁ። መዝገቡን ከሞቱ በኋላ ገልጬ አይቼዋለሁ። ለአለቃ ያላላሁትን ለወንድሜ አጠበቅሁት።

ኃላፊው ጥር 28 ቀን ተመለሰ። ደብዳቤው ማህተም ተመቶበት ጥር 30 ቀን ደረሰኝ፤ በዚያው ዕለት ቁጥር ሰጠሁት። የንብረት ማስወገድ ኮሚቴው ለመሰብሰብ እስከ ግንቦት ቆየ። ፈቃዱ የመጣው ሰኔ 12 ቀን ነው፦ «ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ ከሰኔ 30 በፊት እንዲወገድ፣ ካልሆነ ፈቃዱ የሚሰረዝ መሆኑን።»

አበረ ያን ዕለት ለምሳ እኔ ቤት ነበር። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ሰኔ ውስጥ ደረቅ ቀን ፈልገህ አምጣ ነው ያሉኝ» አለና ሳቀ።

«ይራዘምልኝ ብለህ ጻፍ።»

«ለማን? ላንቺ?» አለ። ይህን ሲል አልሳቀም። ከዚያ ሽሮውን እየጠቀለለ «ለሚቀጥለው ዓመት ከቀረ ድቡልቡሉ ይብሳል። ደግሞ መስከረም ላይ አዲስ ተማሪ ይገባል። ከነሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አላኖረውም» አለኝ።

እኔም ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ በየትኛውም መዝገብ የለም።

ሰኔ 24 ቀን ሰኞ የዓመቱ ንብረት ቆጠራ ላብራቶሪው ደረሰ። የቆጠራ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዘመነ የሚባል የንብረት አስተዳደር ሠራተኛ ነው። የሆነውን የነገሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አበረ ራሱ በዚያው ዕለት፣ ሌላዋ ደግሞ ክፍሉን የምታጸዳ ሴት ከቀብሩ በኋላ። አበረ እስካየው ድረስ ሁለቱ የነገሩኝ አንድ ነው።

በቆጠራ ጊዜ በክፍል ውስጥ የተገኘ ዕቃ ሁሉ የንብረት ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ቁጥር የሌለው ዕቃ ከተገኘ ትርፍ ተብሎ ይያዛል፣ ትርፍ ካለ ደግሞ ማብራሪያ ይጻፋል። ስለዚህ ቆጣሪዎች ሁሉ አንድ ልማድ አላቸው፤ ቁጥር የሌለውን ዕቃ ከመቁጠራቸው በፊት ከክፍሉ ያስወጡታል። በእኔ ቢሮም ወንበር ሲወጣ አይቻለሁ። ዘመነ ባልዲውን አየ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«አሸዋ።»

«አሸዋ መሆኑንማ ዐይን አለኝ። ቁጥሩ የት አለ?»

«ኧረ ጋሽ ዘመነ፣ ለአሸዋ ቁጥር ይሰጣል? አንድ ሁለት ብለን ፍሬውን እንቁጠረው?»

«አትቀልድ አበረ። ባልዲው ቁጥር የለውም። ነገ ትርፍ ተገኘ ብለው እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ይውጣ፣ ስንጨርስ ታስገባዋለህ።»

«ኮሪደር ላይ ይቀመጥ እንግዲህ።»

አበረ ይህን ብሎ ወደ መጋዘኑ ተጠራ፤ ቆርቆሮ ሲያስቆጥር ቆየ። ኮሪደሩም በዚያው ቀን የሚቆጠር ነበርና ዘመነ ጽዳት ሠራተኛዋን «ከደጅ አውጪው» አላት። አወጣችው። ጣሪያው የሚያንጠባጥብበት ጥግ ሥር ሁለት ቀን ተቀመጠ፤ ሁለቱንም ቀን ዘነበ።

ሰኔ 26 ቀን ረቡዕ ጠዋት ሰማዩ ተከፈተ። የደብረ ማርቆስን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ያታልላል። አበረ ቀኑ ይኸ ነው ብሎ ተነሣ። ተማሪ የለም፣ መብራት አለ፣ ጭስ መሳቢያው ይሠራል። አየሩን የሚከለክለው ናይትሮጅን ጋዝ የለም፤ ከጠየቀ ዓመት ሆኖታል፣ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት አልደረሰም። በረዶ ከአንድ ሆቴል አስመጣ። ከዚያ አሸዋው በቦታው አለመኖሩን አየ።

«አሸዋዬስ?»

ሴትዮዋ ከደጅ አንሥታ አመጣችለት። ጠዋት የወጣው ፀሐይና ነፋሱ ላዩን አድርቆታል። አበረ እጁን አስገባ፣ ዘገነ፣ በጣቱ መሐል አፈሰሰው።

«ኮሪደር ላይ ነው ያደረው?» አላት።

«አዎ ጋሼ።»

ይህን ስትነግረኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። «ደጅ አደረ ብላቸው ተቆጥተው ዘመነን ይናገሩታል፣ ከኔ ጋር ይጣላል ብዬ ነው። አሸዋ አይደለም እንዴ? አሸዋ ምን ይሆናል ብዬ!» አለችኝ።

አራት ሰዓት ላይ ጀመረ። የመጀመሪያው አምስት ግራም በሰላም አለቀ፣ ሁለተኛውም አለቀ። ሦስተኛው ውስጥ ትልቅ ድቡልቡል ነበረበት። ኤቲል አሲቴቱን በጠብታ እየጨመረ ሳለ መብራት ጠፋ፣ የጭስ መሳቢያው ማራገቢያ ቆመ። የኤተሩ ተን እዚያው ተጠራቀመ። በዚያው ቅጽበት ድቡልቡሉ ተሰነጠቀ፣ ፈሳሹ ገነፈለ፣ ተቀጣጠለ። ሴትዮዋ ከበሩ ሆና የውኃ ባልዲ አነሣች። «ውኃ እንዳታመጪ! ውጪ!» ብሎ ጮኸባት። ወጣች። የመጨረሻ ያየችው ቀዩን ባልዲ በሁለት እጁ አንሥቶ ሲገለብጠው ነው።

የላዩ አሸዋ ደረቅ ነበር። የታችኛው ውኃ ያንጠባጥብ ነበር።

እሳቱ በላዩ ላይ ተነሣ፤ ተቃጥሎ ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ሁለተኛው ቀን ላይ ገና መናገር ሲችል «ሌላ ሰው ተጎዳ?» ብሎ ጠየቀ፤ ማንም አልተጎዳም አልሁት። «ዘግኜ አይቸው ነበር» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። ትኩሳት ያቃዠው መስሎኝ ግንባሩን አበስሁለት።

የአደጋው ሪፖርት ሐምሌ 19 ቀን መዝገብ ቤት ገባ። ሦስት ፈራሚዎች አሉት፤ አንዱ ዘመነ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ነው፣ ዋናው ዓረፍተ ነገር ይኸ ነው፦ «አደጋው የደረሰው ቴክኒሻኑ ለሥራው በማይመች ወቅት በራሱ ውሳኔ በመሥራቱና እርጥብ አሸዋ በመጠቀሙ፣ በራሱ ቸልተኝነት መሆኑ ተረጋግጧል።» ማህተም ነበረው። ቁጥር ሰጠሁት።

ፀደንያ፣ የአበረ ሚስት፣ ግልባጩ ደረሳት። ማግሥቱን መጣችና «ቸልተኛ ነበር እንዴ፣ ታየች? እንጀራው ላይ ዝንብ ካረፈ የሚጥል ሰው ቸልተኛ ነበር?» አለችኝ። ሕሊና አጠገቧ ቆማ ነበር፤ አሥር ዓመቷ ነው። ቃሉን በትምህርት ቤት ስላወቀችው ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችም። ስለ አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያነበበችው ቃል እሱ ነው።

ያኔ ነው ሴትዮዋን ፈልጌ ያገኘኋት። ሁሉንም ነገረችኝ፣ አሸዋውን ዘግኖ ማየቱንም ነገረችኝ። በጽሑፍ ስጪኝ ስላት አለቀሰች። «አራት ልጅ ነው የማሳድገው። ዘመነ ነው ቅጥሬን የሚያድሰው። ስሜንም አይጻፉብኝ፣ በማርያም» አለች። አልጻፍሁም፣ እዚህም አልጽፈውም።

እኔ ግን ለሪፖርቱ ፈራሚዎች ደብዳቤ ጻፍሁ። የጥቅምቱን ደብዳቤ፣ «ማህተም ስለሌለው ተመለሰ» የሚለውን የራሴን ፊርማ፣ ከዲኑ ቢሮ ማህተም ሳይኖራቸው የተቀበልኋቸውን ሁለቱን፣ የሰኔ 12ቱን ፈቃድ አያያዝሁ። ወቅቱን የመረጠው እሱ አይደለም፣ እኛ ነን አልሁ። ስለ አሸዋውም የሰማሁትን በሙሉ ጻፍሁ፤ ከማን እንደሰማሁ ግን አልጻፍሁም።

ዘመነ ቢሮዬ መጣ። በሩን ዘጋው።

«ወይዘሮ ታየች፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። በገዛ እጅዎ ራስዎን ይከሳሉ?»

«የሆነውን ነው የጻፍሁት።»

«አበረን እኔም እወደው ነበር። የሞተ ሰው ግን በሪፖርት አይጎዳም። በሕይወት ያለ ነው የሚጎዳ።»

«ልጁ በሕይወት አለች» አልሁት።

«አሸዋውን ማን አየ?» አለኝ። ስም እንደማልጠራ ያውቅ ነበር።

የተሻሻለው ሪፖርት ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ መጣ። «በሰነድ የተደገፈውን ብቻ ተቀብለናል» ይላል። በራሱ ቸልተኝነት የሚለው ወጥቷል። በምትኩ «የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ የፈቃድ ጥያቄውን ያለ በቂ ምክንያት በማዘግየታቸው» የሚል ገብቷል፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ተሰጥቶኛል። የዲኑ ቢሮ ደብዳቤዎች አልተጠቀሱም። ቆጠራው አልተጠቀሰም። አሸዋው «እርጥብ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል፤ አሸዋ በራሱ ሄዶ ዝናብ የመታው ይመስል።

ግልባጩን ለፀደንያ ወሰድሁላት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«የአበረ ስም ወጣ» አልኋት።

«ያንቺ ገባ።»

«አዎ።»

«ዘመነስ?»

«ፈራሚ ነው።»

ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ። «ታዲያ ለሕሊና ምን ልበላት? አባትሽን የገደለችው አክስትሽ ናት ልበላት? ይኸም እኮ ልክ አይደለም።»

«ድርሻ አለኝ።»

«ድርሻማ አለሽ። አለሽ!» ድምፅዋ ከፍ አለ፣ ከዚያ ወረደ። «ግን ድርሻሽን ብቻ አላስነብባትም። ሁሉንም ጻፊው። ያንቺንም፣ የዘመነንም፣ የዝናቡንም። ዘግኖ ማየቱን ጻፊ። ስትደርስ ታነበዋለች፣ የምትፈርደውን ትፍረድ።»

ሕሊና እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ አሁንም እኔ ቤት ትመጣለች። ደብተሯን ዘርግታ የሳይንስ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ የማውቀውን እነግራታለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ይህን ጽሑፍ ለእናቷ የምሰጣት ዛሬ ነው። ፀደንያ ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ትሰጣታለች። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ትመጣ እንደሆነ አላውቅም።